ቀባሪ ያለው፣ ጧሪ የራቀው፦ እርጅናና የሚለወጠው ቤተሰብ

የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ገቢ ማሰባሰቢያ ባካሄደ ቁጥር ከልገሳው ጋር አንድ ክርክር አብሮ ይነሣል። «የእነዚህ አረጋውያን ልጆች የት ሄዱ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን ትውልዱ ወላጁን መጦር ትቷል፣ ባህሉ ተሸርሽሯል ይላል። ሌላው ልጁ ራሱ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት ወላጁን በምን ይጡር ብሎ ይመልሳል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ ዕድሜያቸውን በአንድ ሰፈር የገፉ ሰዎች በስተርጅና ጎረቤት ሲለውጡ ምን እንደሚሆኑ መነጋገሪያ ሆነ።

ይሁንና ንግግሩ በአብዛኛው ማን ያብላ፣ ማን ያልብስ፣ የት ይኑሩ ከሚለው አያልፍም። ጥያቄው እዚያ ላይ ካቆመ አንድ ነገር ሳይገለጽ ይቀራል። በየወሩ ገንዘብ የሚላክላቸው፣ መድኃኒት የማይጓደልባቸው፣ ሠራተኛ የተቀጠረላቸው አረጋውያን ለምን ይከፋቸዋል? ልጆቻቸውስ አቅማቸው የቻለውን እያደረጉ ለምን የበደለኛነት ስሜት አይለቃቸውም?

መጦር ምን ምን ያቀፈ ነበር?

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ሲባል ጧሪውም ቀባሪውም ያው አንዱ ልጅ ነው። መንግሥት የሚከፍለው ጡረታም ስሙን ያገኘው ከዚያው ከመጦር ነው። ሥራው ሲዘረዘር ግን ቢያንስ ሦስት ነገር አንድ ላይ ያሰረ ነበር። የመጀመሪያው ቀለብ ነው፤ እህሉ፣ ልብሱ፣ ቤቱ፣ የሐኪም ገንዘቡ። ሁለተኛው እጅ ነው፤ ውኃ አሙቆ እግር የሚያጥብ፣ ሌሊት ወደ ደጅ ሲወጡ ደግፎ የሚመልስ። ሦስተኛውን ቦታ ብንለው ይቀላል። በሬው ይሸጥ አይሸጥ ተብሎ መጠየቅ፣ ልጅቷን ለጠየቀው ሰው እሺታውን መስጠት፣ በበዓል ዳቦ ባርኮ መቁረስ፣ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ሰላምታ ማግኘት፣ እነዚህ ሁሉ የቦታ ምልክቶች ናቸው።

ሦስቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ስለነበሩ ተለያይተው አይታዩም ነበር። ልጅ ለአባቱ ራት ሲያቀርብ አብሮ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ወሬ ይነሣል፤ ወሬው መሐል ምክር ይጠየቃል። ቋንቋችንም ይህን መዝግቦታል። ሽምግልና የዕድሜ ስም ነው፤ የሥራም ስም ነው። ሽማግሌ ያረጀ ሰው ነው፣ ደግሞም ለጋብቻ የሚላክ፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ፣ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን የሚያስማማ ሰው ነው። ያረጀ ሰው በአካል እየደከመ በማኅበረሰቡ ውስጥ ተፈላጊ ወደ ሆነበት ሥራ ይገባ ነበር።

ከዚህ ክብር ጀርባ መሬት እንደነበረም መዘንጋት የለበትም። በገጠር ልጅ ጎጆ ሲወጣ የሚያርሰው ከአባቱ ይዞታ የተቆረሰለትን ነው። ወላጅም በስተርጅናው ማሳውን ለጦረው ልጅ ወይም ዘመድ መናዘዝ ይችላል። ምርቃቱም እርግማኑም የሚከብደው የልጁ ኑሮ በአባቱ እጅ ላይ ስለነበረ ጭምር ነው። ልጅ ተምሮ በደመወዝ ማደር ሲጀምር ይህ ሰንሰለት ይላላል። ዕውቀቱም ቢሆን አቅጣጫውን ይለውጣል። የትኛው ማሳ ምን እንደሚወድ ልጅ ከአባቱ ይማር ነበር፤ አሁን የባንክ ቅጽ እንዴት እንደሚሞላ፣ ቴሌብር እንዴት እንደሚከፈት አባት ከልጁ ይጠይቃል። ልጁ በፍቅር ቢያስረዳም፣ ሲጠየቅ የኖረ ሰው ጠያቂ መሆኑ በውስጡ የሚተወው ስሜት አለ።

የድሮውን ቤት ገነት አድርጎ መሳል ግን ልክ አይሆንም። አማትና ምራት በአንድ ምድጃ ሲጋፉ የኖሩበት፣ ልጅ ያልወለደ ሰው በዘመድ ቤት እንደ ጥገኛ የሚታይበት ጊዜም እርሱ ነበር። አብሮ መኖር ብቻውን ከበደል አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው 60 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ከስድስቱ አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሚኖርበት ማኅበረሰብ አንድ ዓይነት በደል ይደርስበታል። በዳዩ ደግሞ አረጋዊው የሚተማመንበት ሰው ነው። ስለዚህ «ወደ ባህላችን እንመለስ» የሚለው ጥሪ የትኛውን የባህሉን ክፍል እንደሚፈልግ መለየት አለበት።

የእሑዱ ስልክ

ዛሬ ከሦስቱ በቀላሉ የሚጓዘው ቀለብ ነው። ሐዋላ፣ ማለትም ከሩቅ ያለ ቤተሰብ የሚልከው ገንዘብ፣ በደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። እጅ በደመወዝ ይቀጠራል። ቦታን ግን በባንክም በሠራተኛም መላክ አይቻልም።

ብዙ ቤት ውስጥ እሑድ ከሰዓት የሚደወለውን ስልክ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ልጅ ከሜሪላንድ ወይም ከዱባይ በኢሞ ይደውላል። እናት ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች፤ ሠራተኛዋ ወይም አንዱ የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይይዝላታል። «ደህና ነሽ እማዬ?» «እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? በላህ? ብርዱ እንዴት ነው?» «መድኃኒቱ ደረሰሽ?» «ደረሰ፤ ተባረክ።» ምስሉ ይቆማል፤ ድምፁ ይቆራረጣል፤ «እማ ትሰሚኛለሽ?» ይባላል። ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ጉልበቷ ደረጃ እንደማያስወጣት፣ የማኅበር ጓደኛዋን ባለፈው ሳምንት እንደቀበረች፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደራቃት አልተናገረችም። ልጇ በሰው አገር ነው፤ ቢሰማ ከመጨነቅ በቀር ምን ያደርጋል? እርሱም ከሥራ መቀነሱን፣ ትዳሩ መናወጡን አልነገራትም። እርሷስ ብትሰማ ምን ታደርጋለች?

ሁለቱም የሚደብቁት ከፍቅር ነው። ውጤቱ ግን እየቆየ ይታያል። ዓመታት ሲያልፉ የሚነጋገሩት ስለ መድኃኒትና ስለ አየር ጠባይ ብቻ ይሆናል፤ ልጁ እናቱን በደንብ የሚያውቃት ከመሄዱ በፊት በነበረችበት መልክ ነው።

መርዶ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ኀዘንን በድንገት አለመንገር፣ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ማርዳት የቆየ ወግ ነው፤ ዓላማውም ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። አሁን ግን «ልቧ አይችልም» እየተባለ አንዲት እናት የወንድሟን፣ አንዳንዴም የልጇን ሞት ለወራት ሳትሰማ የምትቆይበት ቤት ጥቂት አይደለም። ቤተሰቡ በሌላ ክፍል ያለቅሳል፤ እርሷ ስትገባ ፊቱን ይጠርጋል። እርሷ ደግሞ አንድ ነገር እንዳለ ታውቃለች። በዕድሜዋ ስንቱን ያረዳች፣ ስንቱን ያጽናናች ሴት በራሷ ቤት ኀዘን ላይ ቦታ ስታጣ የሚሰማት ነገር ከጭንቀት ያልፋል። ኀዘንን መሸከም ትችላለህ ብሎ ማመንም ለአረጋዊ የሚሰጥ ክብር ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከምንደብቅባቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ቆም ብለን ብናየው ይሻላል።

መነጠል፣ ብቸኝነትና ድባቴ

በዚህ ጉዳይ የሚነሡ ሦስት ቃላት ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ። ማኅበራዊ መነጠል የሚቆጠር ነገር ነው፤ ሰውየው በሳምንት ስንት ሰው አገኘ፣ ስንት ቦታ ሄደ። ብቸኝነት ግን በሚመኘው ቀረቤታና ባለው ቀረቤታ መካከል ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ ስድስት ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ የተቀመጠ አባት፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አጎንብሶ እርሱ ቴሌቪዥን ፊት ከተተወ፣ ሳይነጠል ብቸኛ ሊሆን ይችላል። ድባቴ፣ ሐኪሞች ዲፕሬሽን የሚሉት፣ ደግሞ ሕመም ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በአብዛኛው ቀን የሚቆይ መከፋት ወይም ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት፣ ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት መዛባት ጋር ሲመጣ ይጠረጠራል። ይታከማልም።

እርጅና በራሱ ድባቴ ነው የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር የሆኑት ላውራ ካርስተንሰን ባዳበሩት አስተሳሰብ፣ ሰው የቀረው ጊዜ አጭር እንደሆነ ሲሰማው ትውውቁን እያጠበበ ለልቡ ቅርብ ከሆኑት ጥቂት ሰዎች ጋር መሆንን ይመርጣል። በዚህም ምክንያት ብዙ አረጋውያን ከወጣቶች ይልቅ በስሜት የተረጋጉ ናቸው። ነገሩ ለእኛ ጉዳይ ሌላ ትርጉምም አለው። ዓለሙን ወደ አምስትና ስድስት ሰዎች ያጠበበ አረጋዊ ከእነርሱ ሦስቱ ቢሰደዱበትና ሁለቱ ቢሞቱበት፣ ገበያ ሙሉ ሰው በአጠገቡ ቢያልፍ ጉድለቱን አይሞላለትም።

የዓለም ጤና ድርጅት 60 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ውስጥ 14 በመቶ ያህሉ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና መታወክ ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል። እኛ ዘንድ ይህ ሳይታወቅ የሚያልፈው ሕመሙ በሌላ ስም ስለሚመጣ ነው። «ከፍቶኛል» ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ አረጋዊ ጥቂት ነው። ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ወገቤን ይዞኛል፣ ልቤን ይወጋኛል ይላል። ለጨጓራው መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል።

መጃጀት የሚለው ቃልም እንዲሁ ይሸፍናል። አንድ ሰው ነገር ሲደጋግም፣ መንገድ ሲጠፋበት፣ ልጁን በእህቱ ስም ሲጠራ «ጃጅቷል» ተብሎ ይታለፋል፤ የዕድሜ ነገር ነው ይባላል። ዲሜንሺያ ግን የማስታወስና የማሰብ ችሎታን የሚያዳክም የአንጎል ሕመም ነው፤ አልዛይመር ከዓይነቶቹ በብዛት የሚታየው ነው። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ። የሕመሙ ባሕርይ በቤተሰብ ውስጥ የሚያስነሣው ጠብ ቶሎ አይገባም። እናት ያስቀመጠችበትን ገንዘብ ትረሳና «ሰረቀችኝ» ብላ ምራቷን ትከስሳለች። ሠራተኛዋ ተወንጅላ ትባረራለች። ልጆች «ባሕርይዋ ከፋ» ብለው ይርቃሉ። ምልክቱ የሕመም መሆኑ ቀደም ብሎ ቢታወቅ ከእነዚህ ቁርሾዎች ብዙዎቹ አይፈጠሩም ነበር። ጠበል መውሰድና ሐኪም ማሳየትም እርስ በርስ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። ጠበሉ ቦታ አረጋዊው ሰው ያገኛል፣ ይጸልያል፣ ይጽናናል፤ የደም ግፊቱንና የማስታወስ ችሎታውን የሚመረምረው ሐኪም ነው።

ቤት የቀረችው ልጅ

ወላጅን ስለ መጦር ሲነገር «ልጆች» ይባላል። ሥራው ግን በእኩል አይከፋፈልም። አምስት ልጆች ካሉ ሁለቱ ውጭ ይሆናሉ፣ አንዱ ክፍለ ሀገር ተመድቧል፣ አንዱ ትዳሩ «አይመችም»፤ አምስተኛዋ ቤት ትቀራለች። ብዙውን ጊዜ ሴት ናት፣ ብዙውን ጊዜም ያላገባች ወይም ተፋትታ የተመለሰች። እናት ስትታመም ከሥራ የምታስፈቅደው፣ ሆስፒታል ወረፋ የምትይዘው፣ ሌሊት የምታገላብጠው፣ ሽንት ጨርቅ የምትለውጠው እርሷ ናት።

ከውጭ የሚልኩት ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ከገንዘቡ ጋር ግን ሥልጣንም ይመጣል። በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሌላ ሐኪም ለምን አላሳየሻትም?» «ለምን ከሳች?» «ባለፈው የላክነው ምን ላይ ዋለ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይወርዳሉ። ጠያቂዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። በሩቅ ያለ ሰው የሚያስጨንቀውን ነገር በእጁ መንካት ስለማይችል በጥያቄ ለመያዝ ይሞክራል። ለምታስታምመው እህት ግን ጥያቄው እንደ ክስ ይሰማታል። በሁለት ዓመት አንዴ ሦስት ሻንጣ ይዞ የሚመጣው ወንድም እንደ ንጉሥ ይታያል፤ እናትም «የእኔ ጌታ» ብላ አንገቱን አቅፋ ታለቅሳለች። ያቺ እህት በዚያ ሰዓት ማዕድ ቤት ቡና ትቆላለች። አጠገብ ያለ ሰው አይናፈቅም፤ እናቲቱም ይህን የምታደርገው ልጇን ለመጉዳት ብላ አይደለም።

እናት ካረፉ በኋላ የቤቱ ጉዳይ ይነሣል። ውርስ በእኩል ይከፈል ሲባል የአሥር ዓመት ማስታመም በሒሳቡ ውስጥ አይገባም። በየፍርድ ቤቱ የሚታዩ ብዙ የወንድምና የእህት ክርክሮች ስለ ካሬ ሜትር ቢመስሉም ከሥራቸው ያለው ይኸው ያልተመሰከረለት ድካም ነው።

ሰንሰለቱ ከቤተሰቡም ውጭ ይዘልቃል። አዲስ አበባ ላይ አረጋዊቷን የምትንከባከበው ሠራተኛ ራሷ ገጠር የተወቻት እናት አለቻት። ሪያድ ወይም ቤይሩት የሰው እናት የምታጥበውም እንደዚያው። የእርሷን ልጅ የምታሳድገው ደግሞ በመንደሩ የቀረችው አያት ናት፤ ልትጦር በሚገባት ዕድሜ ዳግመኛ ሕፃን ታዝላለች። ይህ ለአያቲቱ ሸክም ብቻ አይደለም፤ ሕፃኑ ቤቱን ይሞላዋል፣ እርሷንም ተፈላጊ ያደርጋታል። ልጅቷ ከዓረብ አገር ተመልሳ ልጇን ስትወስድ ግን የአያቲቱ ልብ የሚሰበረው በሁለተኛ መለየት ነው።

ሰፈሩ ሲነሣ

ለከተማ አረጋዊ ቤተሰብ ማለት ልጅ ብቻ አልነበረም። አጥሩን ተሻግራ «ቡና ጠጡ» የምትል ጎረቤት፣ አቦል ላይ የጀመረውን ወሬ እስከ በረካ የሚያደርስ ሰው፣ ሰንበቴውና ማኅበሩ፣ ጥዋት ከቤት ሳይወጣ ቢቀር «ምን ሆነው ነው?» የሚል ባለሱቅ፣ ሁሉም የመጦሩን ሥራ ሳያውቁት ይካፈሉ ነበር። ሰፈር ሲነሣ የሚፈርሰው ይህ በማንም ስም ያልተመዘገበ አገልግሎት ነው።

የተሻለ ቤት ተሰጥቷቸዋል የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። የጋራ መጸዳጃና የሚያፈስ ጣሪያ በነበረበት የቀበሌ ቤት ለኖረች ባልቴት፣ ውኃና መጸዳጃ በውስጡ ያለው ቤት ለጤናም ለክብርም ትልቅ ለውጥ ነው። እንደ ገላን ጉራ ባሉ አዲስ መንደሮች ደግሞ የአንድ ሰፈር ሰዎች በአንድ ላይ መስፈራቸው ጉዳቱን እንደሚቀንስ ይነገራል። እዚህ ላይ የሚወስነው ዝርዝሩ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች አብዛኞቹ አሳንሰር የላቸውም። አራተኛ ፎቅ የወጣላት የ75 ዓመት ሴት ጉልበቷ ሲያማት የሚቀርባት ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቡናው፣ ለቅሶው ነው። በረንዳዋ ላይ ሆና የሰው ጭንቅላት ታያለች፤ ፊት ግን አታይም። ዕጣ ሲወጣና ቤት ሲደለደል ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ምድር ቤትን ማስቀደም በወጪ በኩል ቀላል፣ በኑሯቸው ላይ ግን ትልቅ ልዩነት የሚያመጣ ውሳኔ ነው።

ባሕር ማዶ የሚደረስ እርጅና

ሌላው መፍትሔ ወላጅን ወደ ልጅ ማምጣት ነው። በአሜሪካ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአራስ ነው። እናት ልጇን ልታርስ በርበሬና ሽሮ፣ የአጥሚትና የገንፎ ዱቄት ይዛ ትመጣለች፤ በጎብኚ ቪዛ የሚፈቀደው ቆይታ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ነው። እነዚያ ወራት ለብዙዎች የሚያስደስቱ ናቸው፤ እናት እንደገና ታስፈልጋለች። ችግሩ የሚጀምረው ቆይታው ወደ ቋሚ ኑሮ ሲለወጥ ነው። ባልና ሚስት ማለዳ ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። ክረምቱ ከቤት አያስወጣም፤ መኪና ካልነዱ ሱቁም ሩቅ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድርያ ብዙ አበሻ ቢኖርም፣ እርሷን የሚያደርሳት ሰው እስከ እሑድ ላይገኝ ይችላል። የልጅ ልጇ አፉን በእንግሊዝኛ ከፈታ ደግሞ ተረት የምትነግረው፣ የሚሰማት ልጅ ታጣለች። በገዛ ቤቷ እመቤት የነበረች ሴት በልጇ ቤት ምድጃ ለመለኮስ ታመነታለች። «አገሬ ልግባ» ስትል ልጆቿ እንደ ቅያሜ ይወስዱታል፤ እርሷ ግን የምትናፍቀው ማንንም ሳትጠይቅ ደጇን ከፍታ መውጣትን ሊሆን ይችላል።

በእስራኤል የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ይህን ቀደም ብሎና በከፋ ፍጥነት አይቶታል። በ1984 በኦፕሬሽን ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ በተጓጓዙበት በኦፕሬሽን ሰሎሞን የገቡ ሽማግሌዎች (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በመንደራቸው ዳኛ ሆነው የኖሩ ሰዎች፣ ልጆቻቸው ዕብራይስጥ ቀድመው ስለለመዱ በክሊኒክና በመሥሪያ ቤት በልጆቻቸው አንደበት መናገር ግድ ሆነባቸው። ልጅ ለአባቱ ሲያስተረጉም የአባቱን ሕመም፣ ዕዳና ችግር ሁሉ ይሰማል። አባት የሚደብቀው ነገር አይኖረውም፤ ልጁም ሳይፈልግ የቤቱ ኃላፊ ይሆናል።

በስተርጅና ጎጆ

አንድ ነገር ብዙም አይወራም። ሚስቱ የሞተችበት ወይም ባሏ የሞተባት ሰው በ65 ዓመቱ ጓደኛ ቢፈልግ ልጆች ይደነግጣሉ። «በዚህ ዕድሜ?» ይላሉ፤ ከድንጋጤው ሥር የእናታቸው መታሰቢያ አለ፣ የቤቱ ውርስም አለ። ወንድ ሲያገባ ይታለፍለታል፤ ሴት ከሆነች ነውር ይሆንባታል። ልጆቹ የሚሰጡት ሌላው ሁሉ፣ ምግቡም ሠራተኛውም፣ ሌሊት «ተኛህ?» ብሎ የሚጠይቅን ሰው አይተካም። የውርሱን ስጋት በጽሑፍ በሚደረግ የጋብቻ ውልና በኑዛዜ ማቃለል ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የልጆቹ ልብ ነው።

ሕጉ፣ ጡረታውና እድሩ

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ወላጅና ልጅ እርስ በርስ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ አብዛኞቹ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ቀለብ በሕጉ ትርጉም ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስና ጤናን ይይዛል፤ ጠያቂውም ችግረኛና ሠርቶ ማደር የማይችል መሆን አለበት። በተግባር ልጁን የሚከስስ ወላጅ ማግኘት ይከብዳል። ልጅን ፍርድ ቤት ማቆም የራስን ቤት ማዋረድ ሆኖ ይታያል፤ ፍርዱስ ቢገኝ ቀለቡን እንጂ ልጁን አያመጣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል።

ጡረታው የሚደርሰው በመንግሥትና በመደበኛ የግል ድርጅት ደመወዝተኛ ለነበረ ሰው ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ መውጫው ዕድሜ 60 ነው፤ ዘላቂ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ገበሬው፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ዕድሜ ልኳን ቤት የሠራችው እናት ከዚህ ውጭ ናቸው። ለእነርሱ ዛሬም ጡረታቸው ልጅ ነው። የልጁ ቁጥር ግን እየቀነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 5.5 ልጅ ትወልድ ነበር፤ በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል፣ አዲስ አበባ ላይ 1.8 ነበር። በሕይወት የመኖር ዕድሜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች የነበረው ዛሬ ከ65 አልፏል። አሁን በአርባዎቹ ያሉ የከተማ ወላጆች ሲያረጁ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ይኖራቸዋል፤ አንዱ ውጭ ቢሆን ቤት የሚቀረው ልጅ ከወዲሁ ይታወቃል።

ስለዚህ በክፍያ የሚሠራ እንክብካቤ፣ የቀን መዋያና የአረጋውያን ቤት ወደፊት መስፋፋታቸው አይቀርም። ወላጅን ማዕከል ማስገባት ዛሬ እንደ መጣል ይቆጠራል። ይህ ፍርድ ሁሉንም እኩል አይገልጽም፤ ዲሜንሺያ ያለባትን እናት ቤት ዘግቶባት ሥራ ከሚሄድ ልጅ ይልቅ ቀን መዋያ አድርሷት ማታ የሚመልሳት የተሻለ ጧሪ ነው። በሌላ በኩል ሠራተኞቹ ያልሠለጠኑበት፣ ተቆጣጣሪ የሌለው ቤት የበደል ቦታ ሊሆን እንደሚችል የሌሎች አገሮች ልምድ ያሳያል። ቤቶቹ ከመብዛታቸው በፊት የፈቃድና የቁጥጥር ሥርዓቱ ቢቀድም የሚሻለው ለዚህ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስገርመኝ አንድ መዛነፍ ነው። ከጧሪና ከቀባሪ፣ ለቀባሪው ጠንካራ ተቋም አለን። እድር ማንም ሳያስገድደው በየወሩ ያዋጣል፤ ሰው ባረፈ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣ ለቀብር ይወጣል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል። ያው ሰው በሕይወት ሳለ አልጋ ላይ ለሁለት ዓመት ሲቆይ ግን አብዛኛው እድር በደንቡ የሚያደርገው የተጻፈ ነገር የለውም። የማይቻል ስለሆነ አይደለም። በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ዘመን በርካታ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን በየቤታቸው ጠይቀዋል፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ረድተዋል፤ አንዳንዶቹም ይህን ሥራ እስካሁን አልተዉም።

በእድር መዝገብ ላይ የእያንዳንዱ አባል ስም፣ የቤት ቁጥርና የቤተሰብ ዝርዝር ተጽፏል። ማን ብቻውን እንደሚኖር ጸሐፊው ያውቃል፤ እየዞረ የሚለፍፈው ሰውም የእያንዳንዱን ደጅ ለይቶ ያውቃል። ብቻቸውን ያሉትን በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሁለት ሆኖ መጠየቅን፣ ከመዋጮው ጥቂቱን ለአስታማሚ ማዋልን በደንቡ ላይ ለማስገባት የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ይበቃል።